ጎጆ የወጡት ሽማግሌ

አጎቴ ከመካነ ብርሃን ሜሪላንድ የገቡት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እኔ ላያቸው የሄድኩት ከአራት ወር በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ዋሺንግተን ዲሲ በተሻገርኩበት ጊዜ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የልጃቸው አፓርታማ በር ሲከፈትልኝ አጎቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርት ለብሰዋል፤ ጫማ አድርገዋል፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ሊወጡ ነው እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው፣ ተቃቅፈን ከተሳሳምን በኋላ።

«የት እወጣለሁ ብለህ ነው ልጄ» አሉኝ። «ለብሼ ስቀመጥ የምሄድበት ያለኝ ይመስለኛል።»

ይቺ መልስ ናት እስከ ዛሬ የምትከነክነኝ።

አጎቴን የማያውቅ ሰው ልጆቻቸው የጣሏቸው ሽማግሌ ሊመስሉት ይችላሉ። ኧረ በፍጹም! ልጃቸው ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ታዲያ ቁርሳቸውን ሳታቀርብ ወጥታ አታውቅም። አማቻቸው ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ሲገባ አንድ ነገር ሳያንጠለጥልላቸው አይገባም። የልጅ ልጆቻቸው «አባባ» ብለው አንገታቸው ላይ ይጠመጠማሉ፤ ከ«አባባ» በኋላ የሚመጣው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው እንጂ። እናላችሁ ፍቅር በሽ ነው። የጠፋው ቦታ ነው።

አፓርታማው ባለ ሁለት መኝታ ነው። አንዱ የባልና ሚስት፣ አንዱ የልጆች። አጎቴ የደረሳቸው ሳሎን ነው። ሌሊት ሶፋው ይዘረጋና አልጋ ይሆናል፤ ቀን አልጋው ይታጠፍና ሶፋ ይሆናል። አማቻቸው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይገባል፤ ልጃቸው አሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች። ሁለቱም በእግር ጣታቸው ነው የሚራመዱት። እሳቸውም ነቅተው የተኙ ይመስላሉ። ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው እየተጠነቀቀ ማንም ሳይተኛ ይነጋል።

ቀን ደግሞ ብቻቸውን ናቸው። አንድ ጊዜ «ትንሽ አየር ልቀበል» ብለው ሲወጡ በሩ በራሱ ተቆልፎባቸው በረዶ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመዋል። ብርድ እንኳ ለሰሜን ሰው አዲስ አይደለም። የጃናሞራ ውርጭ ያሳደገው ሰው ሜሪላንድ ቢበርደው ያፍራል። «ብርዱስ የአገሬው ነው» ይላሉ አጎቴ፤ «ግን እዚያ ሰው ሲበርደው ጎረቤቱ ቤት ሄዶ እሳት ይሞቃል። እዚህ የማንን በር ላንኳኳ?» ከዚያን ቀን በኋላ ልጃቸው በፍርሃት «አባዬ፣ እኔ ሳልኖር እንዳትወጣ» አለቻቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩ፣ ወረዳውን ሙሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ከቤት ለመውጣት የልጃቸውን ፈቃድ የሚጠብቁ ሆኑ።

እንዴት እዚህ እንደ ደረሱ ልንገራችሁ። አጎቴ በ1973 ዓ.ም. ወጣት መምህር ሆነው ተመደቡና ከደባርቅ በእግርና በበቅሎ ተጉዘው መካነ ብርሃን ገቡ። እዚያው አስተማሩ፤ እዚያው አገቡ፤ እዚያው ወለዱ። 60 ዓመት ሲሞላቸው በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በዓመቱ ባለቤታቸው ዐረፉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ መጥቶ ያን ሁሉ ገበሬ ሲጨርስ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው እንቅልፍ አጣች። ስልክ ይቋረጣል፤ ወሬው ግን አይቋረጥም። «አባቴን አወጣለሁ» አለች። ዜግነት ስለነበራት ወላጅ የማምጣት መብቷን ተጠቅማ ወረቀቱን ጀመረች። እንግዲህ እንዲህ ያለችን ልጅ ማን ይወቅሳታል?

መካነ ብርሃን ደግሞ ወሬውን ሲሰማ ሽኝቱን ሠርግ አደረገው። «ታደሉ መምህር! ተጡረው ሊኖሩ ነው!» ተባለ። «ቤቱን ይሽጡት እንጂ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» የሚል መካሪም አልጠፋም። አጎቴ ግን በቅሏቸውን ሸጡ እንጂ ባለ ቆርቆሮ ቤታቸውን አልሸጡም። ቆለፉት። አንዱን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጡ፤ አንዱን ከማተባቸው ጋር አሰሩት። እኔ ሳያቸው አንገታቸው ላይ ነበረች።

ያን ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጠን ስንጨዋወት አጎቴ ያልጠበቅሁትን ነገር አነሡ። «የግጭን ሰዎች ታስታውሳቸዋለህ?» አሉኝ።

ለማታውቁት፣ ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረ የደጋ መንደር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። ከምክንያቶቹ አንዱ በውስጡ ያለው እርሻና ግጦሽ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች፣ 418 አባወራና እማወራ፣ በጠቅላላው 2,508 ሰው ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ሠፈሩ። ካሳ ተከፈላቸው፤ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋው መዝገብ ወጣ። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ነው።

«ደባርቅ በመጣሁ ቁጥር አያቸው ነበር» አሉኝ አጎቴ። «ገብስ ሲዘሩ፣ በግ ሲያረቡ የኖሩ ሽማግሌዎች አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው መኪና ይቆጥራሉ። እኔም በሆዴ ‹ቤት ተሰጣቸው፣ መብራት ገባላቸው፣ ሐኪም ቤት ቀረባቸው፣ ምን ጎደላቸውና ነው እንዲህ የሚተክዙት?› እል ነበር። አሁን ገባኝ። እኔም ይኸው በመስኮት መኪና እቆጥራለሁ።»

ልዩነቱ የግጭን ሰዎች ያነሣቸው የመንግሥት ዕቅድ ነው፤ አጎቴን ያነሣቸው ፍቅር ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ግን አለ። በሁለቱም ዘንድ ጣሪያ ማግኘት ከመኖር ጋር ተምታቷል።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ራሳችንን እንውቀስ። ጡረታ የምንለው ቃል የመጣው ጦረ ከሚለው ነው። ጦረ ማለት ያረጀን ወላጅ ደገፈ፣ ረዳ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ከምርቃቶች ሁሉ የሚከብደው ለዚህ ነው። እኛ ግን አሁን አሁን ጦረ የሚለውን «አመጣና አስቀመጠ» ብለን ተርጉመነዋል። ስለ ትኬቱ እንጨነቃለን፤ ስለ ቪዛው እንጾማለን፤ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዘን እንቆማለን። ሰውዬው በማግሥቱ ጠዋት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ ግን አንጠይቅም።

ጥፋቱ የልጆች ብቻ አይደለም። ወላጆችም «ምን ልሆን ነው የምሄደው?» ብለው አይጠይቁም፤ መጠየቅ ልጅን መጠራጠር ይመስላቸዋል። አገር ቤት ያለነውም አለንበት። ለእኛ ውጭ አገር መሄድ ዘውድ መድፋት ነው፤ መመለስ ደግሞ ውርደት። አንድ ሽማግሌ በስድስተኛው ወር ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ ብናይ «ልጆቿ አባረሯቸው» ብለን ለማውራት ቡና እስኪፈላ እንኳ አንጠብቅም። በዚህ ምክንያት ስንት እናትና አባት በሰው አገር ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ እንደሚኖሩ ቤቱ ይቁጠረው።

የአጎቴ ታሪክ ግን እዚያው ሶፋው ላይ አላለቀም። እኔ ከተመለስኩ ከሦስት ወር በኋላ ልጃቸው እያለቀሰች ደወለችልኝ።

«አባዬ ቤት ተከራይቼ ልውጣ አለኝ!»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«ምን ችግር አለው ትላለህ? ሰው ምን ይለኛል? አባቷን አምጥታ ቤዝመንት ከተተችው አይሉኝም?»

ነገሩ ወዲህ ነው። አጎቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ግድግዳ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አይተዋል። «ለብቻው መግቢያ ያለው ክፍል ይከራያል» ይላል። ከልጃቸው ቤት በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። እዚያ አገር አፓርታማ በወጉ ለመከራየት የገቢ ማስረጃና የብድር ታሪክ ይጠየቃል፤ ውሉም ብዙውን ጊዜ የዓመት ነው። ትናንት የመጣ ጡረተኛ ከየት ያመጣዋል? መንግሥት የሚደጉማቸው፣ 62 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን የሚከራዩ ቤቶችም አሉ፤ ግን ወረፋው ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ለአዲስ መጪ ሽማግሌ የቀረው መንገድ ይኸው ነው፤ ከአገር ልጅ ላይ በወር በወር የሚከፈል አንድ ክፍል።

በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ልጅቷን ከአባቷ ለመጠየቅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ተገለበጠና አባትየውን ከልጃቸው ለመጠየቅ ሽማግሌ ተላከ። ቄሱ መጡ፤ ሁለት የአገር ልጆች መጡ፤ እኔም በስልክ ገባሁ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ አጎቴ ራሳቸው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ አንቺ ስታገቢ ምን አደረግሁ? ጎጆ አስወጣሁሽ። ያን ጊዜ አባረርኩሽ እንዴ? በእኛ አገር ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ ቤት ጭሱ እየታየ፣ እሳቱ ግን ለየብቻ ነው የሚነደው። አያትሽ አባቴ ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ትንሽ ጎጆ ቀልሰው ነበር የኖሩት። በየቀኑ እናያቸው ነበር። ግን በራቸውን አንኳኩተን ነው የምንገባው። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ጎጆ አስወጪኝ።»

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያም «ለሦስት ወር ይሞከር» ተባለ። ዴንቨር ያለው ወንድሟ የኪራዩን ግማሽ ሊከፍል ተስማማ።

አጎቴ ክፍሉን ባዩ ቀን ደውለው «ከመካነ ብርሃን ተነሥቼ ምድር ቤት ገባሁ» ብለው ሳቁ። ታዲያ ምድር ቤት ይሁን እንጂ መስኮት አለው። ይህንን ሳያረጋግጡ አልተከራዩም። የአገሩ የግንባታ ደንብ መኝታ ክፍል በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት እንዲኖረው ያዝዛልና። የኪራዩን ነገርም «የአገር ልጅ ነን» በሚል አልተዉትም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ዋጋው፣ የመብራቱና የማሞቂያው ነገር፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ተፈራረሙ። አስተማሪ አስተማሪ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለውጥ ማመን ያስቸግራል። ዛሬ አጎቴ አውቶቡስ ያውቃሉ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ለተሳፋሪ ሁሉ ነጻ ሆኗል፤ ስለዚህ ቢጠፉም አይከስሩም። ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ፤ በነጻ እንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ከሌሎች ጡረተኞች ጋር ሻይ ይጠጣሉ። አሥር ሰዓት ላይ የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ተቀብለው ፊደል ያስቆጥራሉ። «ሀሁ» ያልጨረሰ ልጅ ቴሌቪዥን አይከፍትም። ማታ ልጃቸው ስትገባ ባርኔጣቸውን አንሥተው «በሉ ደኅና እደሩ፣ ቤቴ ልግባ» ይላሉ። «ቤቴ» ሲሉ መስማት ነበረባችሁ! ሶፋው ላይ ለብሰው የሚቀመጡት ሰውዬ ይኸው የሚሄዱበት አገኙ። ልጅቷም ብትሆን «አባቴን ያገኘሁት ከቤቴ ከወጣ በኋላ ነው» ብላኛለች።

እናም ወላጃችሁን ለማምጣት የምታስቡ፣ ወይም ልጆቻችሁ ዘንድ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከአጎቴ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ በእንግድነት ይኬድ። በጎብኚ ቪዛ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር እንዲቆይ ይፈቀድለታል። ስድስት ወር አንድ ክረምትና አንድ የሥራ ሰሞን ለማየት ይበቃል። ኑሮው የሚስማማ መሆን አለመሆኑን በስድስት ሳምንት የሽርሽር ፎቶ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ የሕክምናው ነገር ከአልጋው በፊት ይታሰብ። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ለማንም ሽበት ስላወጣ ብቻ አይሰጥም። እዚያ አገር ሠርቶ ግብር ያልከፈለ የመኖሪያ ፈቃድ ባለቤት 65 ዓመት ቢሞላውም አምስት ዓመት በተከታታይ ሳይኖር ክፍያ ከፍሎ እንኳ አይገባበትም። ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠው የገንዘብ ድጎማም እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ለአዲስ መጪዎች ጠብቧል። ወላጁን ለቋሚ ኑሮ የሚያመጣ ልጅ ደግሞ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ የሚሆን ገቢ እንዳለው አሳይቶ ይፈርማል። ያቺ ፊርማ ወላጁ ዜግነት እስኪያገኝ ወይም የ40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርለት ድረስ ታስራለች። ስለዚህ የመድን ገንዘብ ከትኬቱ ጋር አብሮ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ የአገር ቤቱ በር አይዘጋ። ቤቱ አይሸጥ፤ ውክልና ለታመነ ሰው ይሰጥ፤ ዕድሩ አይቋረጥ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ከሆነ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ይህን ሳያውቁ ፈቃዳቸው አደጋ ላይ የወደቀባቸው አሉ። ሕጉም እንደ ሰሜን ሰማይ ሳይታሰብ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2026 አሜሪካ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ መስጠቷን አቁማለች። ያን ጊዜ ቤታቸውን ሸጠው ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

አራተኛና ዋናው፣ ቁልፍ ይሰጣቸው። የራስ ክፍል ባይገኝ የበሩ ቁልፍ፣ ቁልፉ ቢጠፋ የሚያንኳኩት ጎረቤት፣ የአውቶቡሱ ቁጥርና በኪሳቸው ትንሽ ገንዘብ። የአጎቴ ጡረታ አገር ቤት ያኖራቸው ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ፤ የጡረታ ደሞዛቸውም በዶላር ሲታሰብ የሻይ መጠጫ ሆነ። በየወሩ እጅ ዘርግቶ ልጅን መለመን ሽማግሌን ይገድላል። ልጃቸው ይህን አውቃ ሳይጠየቅ ወር በገባ ቁጥር ፖስታ ታስቀምጥላቸዋለች።

«ይህ ሁሉ አቅም ላለው ነው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ኪራይ እሳት ነው፤ ሁለት ልጅ ተጋግዞ የማይከፍልለት ወላጅ ሶፋው ላይ ሊሰነብት ግድ ነው። የታመመን፣ የሚረሳን ወላጅ ደግሞ ለብቻው ክፍል መስጠት ጎጆ ማስወጣት ሳይሆን መጣል ነው። ሰሜንን ሙሉ ብትዞሩ ከዚህ ሁሉ ምርጫ አንዱም የሌላቸው፣ ጧሪያቸው በጦርነት ያለቀባቸው ሽማግሌዎች ይበዛሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሶፋም ይሁን ክፍል፣ ሰውዬው ይጠየቁ። መጠየቅ ኪራይ የለውም።

አጎቴ ባለፈው ዓመት «ቤቴን ልየው» ብለው መጥተው ነበር። ጎንደር ደረሱ። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሚታመን አልነበረምና ሳምንት ጠብቀው ተመለሱ። ጎረቤታቸው በስልክ «ቆርቆሮው ደኅና ነው፣ ባሕር ዛፉም አድጓል» አላቸው። አዲስ አበባ ስንሰነባበት እጃቸው አንገታቸው ላይ ነበር። ማተባቸው ላይ አሁን ሁለት ቁልፍ ታስሯል፤ የመካነ ብርሃኑና የሲልቨር ስፕሪንጉ።

«የትኛው ነው ጊዜያዊው ጋሼ?» አልኳቸው ለቀልድ።

ትንሽ አሰቡና «እሱን እንኳ ተወው» አሉኝ። ቀልዱ አላሳቃቸውም።

እስኪ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁ ጋ ደውሉ። «መቼ ነው የምትመጡት?» አትበሏቸው። «የት፣ እንዴት መኖር ነው የምትፈልጉት?» በሏቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። የመጀመሪያው መልስ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው የሚሆነው። እሱን አትመኑት፤ ደግማችሁ ጠይቁ።